ከቁምስና እስከ ሴኡል፦ ለ2027ቱ የዓለም ወጣቶች ቀን ቡድን ይዞ ለመሄድ

የዓለም ወጣቶች ቀን ከየአገሩ የሚመጡ ካቶሊክ ወጣቶች ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ጋር የሚሰበሰቡበት ሳምንት ነው። ይህን የምጽፈው በየዙሩ ተመሳሳይ ነገር ስለማይ ነው። ወጣቶቹ ዓመት ሙሉ ይጸልያሉ፣ መዝሙር ያጠናሉ፣ ብር ያዋጣሉ። ከዚያ በመጨረሻው ወር ግማሹ ቡድን ቪዛ ላይ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ጉዞው የሚበላሸው አዘጋጅ አገር ላይ ሳይሆን እዚሁ፣ ወረቀቱ ላይ ነው። ስለዚህ የመመሪያው ትልቁ ክፍል ከመነሳታችሁ በፊት ስላለው ሥራ ነው።

መጀመሪያ ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉና ቁምስናው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፦

• ከሐምሌ 22 እስከ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (ከጁላይ 29 እስከ ኦገስት 2 ቀን 2027)፦ በኮሪያ ሀገረ ስብከቶች የሚደረገው ቆይታ
• ከሐምሌ 27 እስከ ነሐሴ 2 ቀን 2019 ዓ.ም. (ከኦገስት 3 እስከ 8 ቀን 2027)፦ ዋናው ሳምንት በሴኡል

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዋዜማው ሌሊትና የመዝጊያው ቅዳሴ የሚውሉት ነሐሴ 1 እና 2 ነው። ፍልሰታ ገባች ማለት ነው። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 1፦ አንድ ኃላፊ፣ አንድ ዝርዝር

1. ለቡድኑ አንድ ኃላፊ ምረጡ። ሁለት አይደለም። ምክትል ይኑረው፣ ግን ኢሜይሉን የሚከፍተውና ቅጹን የሚሞላው አንድ ሰው ይሁን።
2. ከቁምስናው መሪ ካህን የድጋፍ ደብዳቤ ያዙና ወደ ሀገረ ስብከቱ የወጣቶች አገልግሎት ሂዱ። ከዚያ በጳጳሳት ጉባኤው በኩል ስለሚሄደው ብሔራዊ ቡድን ጠይቁ። ለብቻችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ይህን ጨርሱ።
3. ስም ዝርዝሩን በአንድ ፋይል ብቻ ያዙ። በቴሌግራም የሚዞር ሦስት ዓይነት ዝርዝር ካለ፣ ሦስቱም ስህተት ነው።
4. ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካለ የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ በሰነዶች ማረጋገጫ ይጽደቅ። አብሮት የሚሄደው አዋቂም በስም ይጠቀስ።
5. ካህን አብሮ የሚሄድ ከሆነ ምዝገባው እንደ ካህን ይሁን፤ ከጳጳሱ የተሰጠ የአገልግሎት መታወቂያም ይያዝ። ያለዚያ ከሕዝቡ ጋር ያስቀድሳል እንጂ አብሮ አይቀድስም።

ማስጠንቀቂያ፦ «የወጣቶች ቀን ቪዛ አለኝ፣ ይህን ያህል ብር ክፈልና ስምህን ላስገባ» የሚል ደላላ ይመጣል። ሁልጊዜ ይመጣል። እንዲህ የሚሸጥ ቪዛ የለም። አንድ የማታውቁት ስም በደላላ በኩል ዝርዝራችሁ ውስጥ ከገባ ኤምባሲው የሚጠራጠረው እሱን ብቻ አይደለም፣ ሁላችሁንም ነው። ቁምስናው ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓመት ያገለገለና ካህኑ በመልኩ የሚያውቀው ሰው ብቻ ይመዝገብ።

ደረጃ 2፦ ስም፣ ስም፣ ስም

ብዙ ቡድን የሚወድቀው እዚህ ነው።

ቁምስና ውስጥ ሰው የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው። ተሬዛ እንላታለን፣ የጥምቀት መዝገቡም ተሬዛ ይላል፣ ፓስፖርቷ ግን ትዕግስት ነው። የመዘምራኑ መሪ ዝርዝሩን ሲሞላ የሚያውቀውን ስም ይጽፋል። ለ2023ቱ (እ.ኤ.አ.) የሊዝበን ወጣቶች ቀን ስንዘጋጅ የአንዲት ልጅ ምዝገባ በአንድ ስም፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤዋ በሌላ ስም ሆኖ፣ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ለማስረዳት ሦስት ሳምንት ደብዳቤ ስናጻጽፍ ከረምን። ልጅቷ እያንዳንዱን ቀን ስትቆጥር አይቻለሁ። በአንድ መስመር ስህተት እንዲህ መጨነቅ አልነበረባትም።

1. ከእያንዳንዱ ሰው የፓስፖርቱን ገጽ ፎቶ ተቀበሉ። በወረቀት የተጻፈ ስም አትቀበሉ።
2. ስሙን ከገጹ ግርጌ ካሉት ሁለት ረጃጅም መስመሮች ላይ ፊደል በፊደል ገልብጡ። «ፀሐይ» የሚለው በእንግሊዝኛ ፊደል አራት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። ትክክሉ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ብቻ ነው።
3. ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ሲል ግራ አትጋቡ። ፓስፖርቱ የቤተሰብ ስም ብሎ ያስቀመጠውን አስገቡ፤ ሌላውን በሌላው ቦታ። የአባትና የአያት ስም ቦታ ከተቀያየረ ቲኬቱም ይቀያየራል።
4. የልደት ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ይሁን። የጥምቀት መዝገብ በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ ከዚያ አትገልብጡ። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ሰውየውን ሌላ ሰው ያደርገዋል።
5. ፓስፖርቱ ከመመለሻችሁ ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ይቅረው። እስከ የካቲት 2020 ዓ.ም. መጨረሻ የማይደርስ ከሆነ ዛሬውኑ ይታደስ።

ስህተቱን ዘግይታችሁ ካገኛችሁት፦ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ከሆነ ኃላፊው ቅጹን ከፍቶ ያስተካክል። ከተከፈለ በኋላ ከሆነ ለአዘጋጆቹ የፓስፖርቱን ኮፒ አያይዞ ይጻፍ፤ መልሱ እስኪመጣ የቪዛ ማመልከቻ አታስገቡ።

ደረጃ 3፦ ብሩ

ወጪው አምስት ቦታ ይከፈላል፦ ቲኬት፣ የምዝገባ ጥቅል (ማደሪያ፣ ምግብ፣ የከተማ ትራንስፖርትና ኢንሹራንስ እንደምትመርጡት)፣ ቪዛ፣ የኪስ ገንዘብ፣ መጠባበቂያ። አምስቱን ለየብቻ ጻፉ። «በጠቅላላው ይህን ያህል» ብላችሁ ለወላጅ አትንገሩ። አንዱ ሲጨምር ማስረዳት ያቅታችኋል።

1. ብሩ በሰው ስም አካውንት አይቀመጥ። በቁምስናው አካውንት፣ በሁለት ፈራሚ ይሁን።
2. በየወሩ አሰባስቡ። ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ስጡ፣ 200 ብርም ብትሆን።
3. የሚቀር ሰው ምን እንደሚመለስለት ከመጀመሪያው ብር በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። ቲኬት ተገዝቶ ቪዛ ቢከለከልስ? ይህን ሳትነጋገሩ ከጀመራችሁ መጨረሻው ቂም ነው።
4. የምዝገባ ክፍያው በውጭ ምንዛሬ ስለሆነ በሀገረ ስብከቱ ወይም በጳጳሳት ጉባኤው በኩል እንዴት እንደሚከፈል ቀድማችሁ ጠይቁ። የዘመድ ካርድ መለመን የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።
5. ባለፉት የወጣቶች ቀናት አቅም ለሌላቸው አገሮች ወጣቶች የሚውል የአብሮነት ፈንድ ነበር። ለሴኡሉ በሀገረ ስብከታችሁ በኩል ቀድማችሁ፣ በጽሑፍ ጠይቁ። በመጨረሻው ወር የሚጠይቅ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ደረጃ 4፦ ቪዛ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው ለኮሪያ ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው አዲስ አበባ በሚገኘው የኮሪያ ኤምባሲ በኩል ነው። የሚጠየቁትን ሰነዶች ዝርዝር በዚያው ሰሞን ከራሱ ከኤምባሲው ውሰዱ፤ ካለፈው ዓመት ተጓዥ አትቅዱ።

1. የግብዣ ደብዳቤው ላይ ያለው ስም፣ ምዝገባው፣ ፓስፖርቱ፣ የሥራ ወይም የትምህርት ቤት ደብዳቤው አንድ ይሁኑ። ጣታችሁን እያስኬዳችሁ አመሳክሩ። ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ አንዱ ጮክ ብሎ እያነበበ ሌላው እያየ።
2. የባንክ መግለጫው የእውነት ይሁን። ሒሳብ ውስጥ ባለፈው ሳምንት ድንገት የገባ ትልቅ ብር የተበደሩት መሆኑ ያስታውቃል። ወላጅ ወይም ቤተ ክርስቲያን ወጪውን የሚሸፍን ከሆነ «የሚሸፍነው እሱ ነው» ብላችሁ በደብዳቤ ግለጹ። ነውር የለውም።
3. የቀን በቀን ፕሮግራም አዘጋጁ። የት ታድራላችሁ፣ በየትኛው ቀን ምን አለ፣ መቼ ትመለሳላችሁ።
4. ሁሉም ልጅ ፕሮግራሙን በራሱ አፍ መናገር ይችል። «ለምን ትሄዳለህ?» ሲባል ኃላፊውን የሚያይ ልጅ ራሱንም ቡድኑንም ይጎዳል። የሴኡሉን መሪ ቃል ይወቀው፤ ዮሐንስ 16፥33፣ «አይዞአችሁ፤ እኔ ዓለምን አሸንፌዋለሁ»።
5. ቪዛ ሳይመታ ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት አትግዙ። ቦታ ማስያዝ ብቻ ይበቃል።

አሁን ማንም በስብሰባ ላይ ማንሳት የማይፈልገውን ልናገር። ሄዶ መቅረት። ልባቸው ውስጥ ይህ ሐሳብ ያለ ወጣቶች አሉ፣ ለምን እንደሚያስቡትም አውቃለሁ፤ ሥራ የለም፣ ቤት ውስጥ የሚጠብቁ ታናናሾች አሉ። አልፈርድም። ግን አንድ ሰው ሲቀር በሚቀጥለው ጊዜ የሚዘጋው በር የዚያ ቁምስና ልጆች ሁሉ በር ነው። የፈረመው ካህን ቃልም ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ኃላፊው ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር ለብቻ ቁጭ ብሎ ይነጋገር። ማስፈራራት አይደለም። ቡና እየጠጡ፣ በግልጽ። ያንን የሚያስብ ልጅ በክብር ራሱን እንዲያገል ዕድል ስጡት፣ ብሩንም መልሱለት። እኔ በእንዲህ ዓይነት ንግግር ራሱን ያገለለ ልጅ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ወዳጄ ነው።

ቪዛው ከተከለከለ፦ በማግሥቱ ሌላ ታሪክ ይዛችሁ አትመለሱ። ምክንያቱን ጠይቁ፣ የጎደለ ሰነድ ካለ አሟሉ፣ ጊዜ ካለ ብቻ እንደገና አመልክቱ። ተጠባባቂ ካላችሁ አዘጋጆቹ ስም መቀየር የሚፈቅዱበት የመጨረሻ ቀን ሳያልፍ ተኩት።

ደረጃ 5፦ ውጭ አገር ያላችሁ

በዓረብ አገሮች፣ በጣሊያን ወይም በሌላ አገር የምትኖሩ ከሆነ ቪዛ የምትጠይቁት ከምትኖሩበት አገር ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ መግባት እችላለሁ? ሳዑዲ ያላችሁ የመውጫና የመመለሻ ፈቃድ በእጃችሁ ሳይገባ ምንም አትክፈሉ። ጣሊያን ያላችሁ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ በእድሳት ላይ ከሆነ ጉዳዩን ከሚያውቅ ሰው ጋር ተማከሩ። በምትኖሩበት አገር ቁምስና ቡድን መመዝገብ ይቀላል፤ ከአገር ቤቱ ቡድን ጋር ሴኡል ላይ ትገናኛላችሁ።

ደረጃ 6፦ ሻንጣ

ነሐሴ እዚህ ክረምት ነው፣ ጃኬት እንለብሳለን። ሴኡል ግን በዚያ ሰሞን ይቃጠላል፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው፣ አየሩ እርጥበት የሞላው። እዚያው ኮሪያ ውስጥ በኦገስት 2023 በሴማንገም የተካሄደውን የዓለም ስካውቶች ጃምቦሪ (የድንኳን ሰፈር ስብሰባ) አስታውሱ። ከ40 ሺህ በላይ ወጣቶች ነበሩበት። ብዙዎች በሙቀት ታመሙ፣ በኋላም አውሎ ነፋስ ስለመጣ ሰፈሩ ሙሉ በሙሉ ተነሳ። የእኛ ሳምንትም በዚያው ወር ነው።

ያዙ፦ ኮፍያ፣ የውሃ ኮዳ፣ ስስ የዝናብ ልብስ፣ ቀላል መኝታ፣ ቢያንስ ለሁለት ወር የተጫማችሁት ጫማ (አዲስ ጫማ በሁለተኛው ቀን እግር ይልጣል)፣ የምትወስዱት መድኃኒት ከነማዘዣው፣ ኤፍ ኤም ያለው ትንሽ ሬዲዮ ከነጆሮ ማዳመጫው፤ በእንዲህ ያሉ ቅዳሴዎች ትርጉሙ ብዙ ጊዜ የሚተላለፈው በሬዲዮ ነው። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይገባም። ነጠላ ያዙ። ለቅዳሴ ይሆናል፣ ለፀሐይም ይሆናል፣ ሌሊትም ይለበሳል።

አትያዙ፦ ቋንጣ፣ ዶሮ ወጥ፣ ምንም ዓይነት ሥጋ። ኮሪያ ሥጋ ማስገባት አጥብቃ ትከለክላለች፣ ያስቀጣልም። በሶና ዳቦ ቆሎ ካላችሁ ጉምሩክ ላይ አሳውቁ።

ስለ ፍልሰታ፦ ከመሄዳችሁ በፊት ከካህናችሁ ጋር ተነጋገሩ። በዚያ ሙቀት ቀኑን ሙሉ በእግር ለሚጓዝ ሰው ምን እንደሚሻል እሱ ይንገራችሁ። የምትጾሙ ከሆነ ኪምቺ አትክልት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ብዙ ጊዜ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ቅመም አለበት። የአሳማ ሥጋም በብዙ ምግብ ውስጥ ይገባል። ምዝገባው ላይ የምግብ ምርጫ የሚጠየቅ ከሆነ አትዝለሉት።

ደረጃ 7፦ ስትደርሱ

1. ኢንቾን አውሮፕላን ማረፊያ ስታርፉ ከበሩ ሳትወጡ ስም ጥሩ። ወደ ሴኡል ጣቢያ በባቡር መሄድ ይቀላል፤ በየጣቢያው የሚቆመው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል።
2. ቲመኒ የሚባለውን የትራንስፖርት ካርድ ከሱቅ ግዙ። ብዙውን ጊዜ የሚሞላው በጥሬ ገንዘብ ስለሆነ ትንሽ ዎን (የኮሪያ ገንዘብ) በእጃችሁ ይኑር።
3. ስልካችሁ ላይ ኔቨር ማፕ ወይም ካካኦ ማፕ ጫኑ። የለመዳችሁት የጉግል ካርታ እዚያ ለእግር መንገድ ሲያስቸግር ቆይቷል።
4. 119 አምቡላንስና እሳት አደጋ፣ 112 ፖሊስ፣ 1330 የእንግዶች መረጃ። ሦስቱን ቁጥሮች በወረቀት ጽፋችሁ ባጃችሁ ጀርባ ላይ ክተቱ።
5. ፓስፖርቱን እያንዳንዱ ሰው ራሱ ይያዝ። ኃላፊው ሰብስቦ መያዝ የለበትም፣ ኮፒ ይበቃዋል።

ሰዓት። ይህ ቀላል ይመስላል፣ ግን ቡድን ይበትናል። «በ2 ሰዓት እንገናኝ» ስትሉ ግማሹ ጠዋት 2 ይላል፣ ግማሹ በፈረንጅ 2 ከሰዓት። ከቦሌ ሳትነሱ አንድ ሕግ አውጡ፦ ሴኡል ላይ የምንናገረው ስልኩ ላይ የሚታየውን ሰዓት ብቻ ነው፣ በ24 አቆጣጠር። ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ። ሴኡል ከአዲስ አበባ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች፣ የእኛ አቆጣጠርም ከፈረንጁ በስድስት ሰዓት ይለያል። ስለዚህ ስልካችሁ 20፡00 (በፈረንጅ ማታ 8) ሲል፣ ቤት ያለችው እናታችሁም «8 ሰዓት ሆነ» ትላለች፣ የቀኑን 8። ለመደወል ጥሩ ሰዓት ነው።

በሀገረ ስብከቶች ለሚደረገው ቆይታ ምርጫ ከተሰጣችሁ ቹንቾንን ጠይቁ። የራሷ ሀገረ ስብከት ያላት፣ ከሴኡል በባቡር ቅርብ የሆነች ከተማ ናት። በኮሪያ ጦርነት ለተሰለፉት የቃኘው ሻለቃ አባላት የቆመው ሐውልትና መታሰቢያ ቤቱ እዚያ ነው። የአያቱ ስም እዚያ ያለ ልጅ ቡድናችሁ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ደረጃ 8፦ ሳምንቱ

የተለመደው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ማክሰኞ የመክፈቻ ቅዳሴ፣ ከረቡዕ እስከ ዓርብ ጠዋት በየቋንቋው ትምህርተ ክርስቶስ፣ ሐሙስ የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ አቀባበል፣ ዓርብ ፍኖተ መስቀል፣ ቅዳሜ ዋዜማ፣ እሑድ መዝጊያ። ሁሉንም ለማየት አትሩጡ። በቀን አንድ ትልቅ ነገር ይበቃል። ዓርብ ማታ በጊዜ ተኙ፣ የሳምንቱ ጉልበት የሚያስፈልገው ቅዳሜ ነው።

ደረጃ 9፦ ዋዜማው ሌሊት

ሊዝበን ላይ በመዝጊያው ቅዳሴ 1.5 ሚሊዮን ሰው ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ስልክ አይሠራም። ደውዬ አገኛቸዋለሁ ብላችሁ አትመኑ።

1. ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አጣምሩ። ጥንዶቹ ሽንት ቤትም አብረው ይሂዱ።
2. የተመደባችሁበትን የሜዳ ክፍል ቁጥር ሁሉም እጁ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍ።
3. ቀድማችሁ ግቡ። የምትሰፍሩት ከመተላለፊያው አጠገብ ይሁን፣ መሐል አይደለም። የታመመ ሰው ከመሐል ማውጣት ከባድ ነው።
4. ባንዲራውን በረጅም ዘንግ አቁሙ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ከሩቅ ይታያል።
5. የመገናኛ ቦታና ሰዓት ወስኑ፦ የጠፋ ሰው በየሁለት ሰዓቱ እዚህ ምልክት ሥር ይምጣ። አንድ ሰው ሁልጊዜ እዚያ ይቁም።
6. ውሃ ሳይጠማችሁ ጠጡ።

ሰው ከጠፋ፦ ሁሉም ተነስቶ አይፈልግ። ሁለት ሰው ይሂድ፣ ሌላው ከቦታው አይነቃነቅ።

ላቡ የቆመ፣ ቆዳው የጋለ፣ ንግግሩ የተምታታ ሰው ካያችሁ «ደክሞት ነው» አትበሉ። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ በውሃ አርጥቡት፣ በነጠላ አራግቡለት፣ ወዲያው የሕክምና ድንኳን ጥሩ ወይም 119 ደውሉ።

ዝናብና ነፋስ ከመጣ፦ ማድሪድ ላይ በ2011 (እ.ኤ.አ.) የወጣቶች ቀን ዋዜማው መሐል ማዕበል ተነስቶ ድንኳኖች ወደቁ፣ በማግሥቱ ብዙ ሰው ቅዱስ ቁርባን ሳይደርሰው ቀረ። ሪዮ ላይ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ለዋዜማውና ለመዝጊያው የተዘጋጀው ሜዳ ጭቃ ስለሆነ ሁሉም ነገር ወደ ኮፓካባና ባሕር ዳርቻ ተዛወረ። ስለዚህ ከግንባታና ከትልልቅ ስክሪኖች ራቁ፣ ሻንጣችሁን በፕላስቲክ ጠቅልሉ፣ ከአዘጋጆቹ የሚመጣውን መልእክት የሚያይ አንድ ሰው መድቡ። ማስታወቂያው ቦታ ቀይሩ ካለ ሳትከራከሩ ተነሱ።

እሑድ ቡራኬው እንዳለቀ አትነሱ። ሁሉም በአንዴ ይወጣል፣ መጨናነቁ የሚያስፈራው ያኔ ነው። አንድ ሰዓት ቁጭ በሉ፣ የቀረውን በሶ በጥብጡ፣ ዘምሩ። ሰዉ ሲሳሳ ተቆጥራችሁ ውጡ።

ደረጃ 10፦ መልስ

ኢንቾን ላይ ከመግባታችሁ በፊት ቁጠሩ። ከበረራው በር ላይ ቁጠሩ። ቦሌ ሻንጣ መቀበያው ጋ፣ ማንም ወደ ቤተሰቡ ሳይሮጥ፣ ከመጀመሪያው ቀን የያዛችሁትን ያንኑ ዝርዝር አውጥታችሁ ስም ጥሩ፤ እያንዳንዱ አቤት ሲል ምልክት አድርጉ። በዚያው ሳምንት ዝርዝሩን ከወጪ ደረሰኞቹ ጋር ለሀገረ ስብከቱ አስረክቡ፣ ፈርመው ይቀበሏችሁ። ለሚቀጥለው ቡድን ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ የሚፈለገው ያ ወረቀት ነው።